ጫፉ ላይ ስትደርሺ ደውዪልኝ

ማክሰኞ፣ ሜይ 8፣ 2007

ከሥራ መግባቴ ነው። እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተር። አውቶቡስ መንዳት ቁጭ ብሎ መዋል ነው የሚል ሰው አንድ ቀን ይሞክረው።

ሰብለ ዛሬም ካርታዋን ምንጣፉ ላይ ዘርግታለች። እዚህ ስዊድን ያለው የሪንከቢ ቤታችን ፈረንሳይ ሆኗል። በአረጋውያን መኖሪያው የምትንከባከባቸው አንዲት አሮጊት የወጣትነት ፎቶ አሳይተዋት ነው ጣጣው የመጣው። ተራራ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች የድንጋይ መንደር። ከጥንት የቆየች። ቤ/ክ አናቷ ላይ። መኪና ከሥር ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር።

ስሟን ልጠራ ስል አፌ ይጣመማል። «ያቺ መንደር» ብያታለሁ። እኔ ተጉለት፣ ገደል አፋፍ ላይ የተወለድኩ ሰው፣ ከዳገትና ከድንጋይ ቤት ሸሽቼ እዚህ ድረስ መጥቼ፣ አሁን ከፍዬ ዳገት ልወጣ! ይህን ስላት ሳቀችብኝ። የቦሌ ልጅ ዳገት ምን ታውቃለች።

እናቷ እማማ አስካለ እንኳ ጉዞውን ያውቁታል። እሑድ በስልክ ነግራቸዋለች። ከአልጋ እስከ በረንዳ በምርኩዝ የሚሄዱ ሴትዮ፣ ጫፉ ላይ ስትደርሺ ደውዪልኝና የሚታየውን ንገሪኝ አሏት። ከዚያ ገንዘብሽን አትጨርሺ ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት። ሁልጊዜም እንዲሁ ናቸው።

ሰብለ ሴመስተሯን፣ የዓመት ፈቃዷን፣ አስፈቅዳለች። የጁን መጨረሻ። የኔንም አስፈቅጃለሁ። ምን ላድርግ።

ዓርብ፣ ሜይ 11

እማማ አስካለ አረፉ።

የሰብለ ታላቅ ወንድም መኮንን ነው ከአ.አ. የደወለልኝ። መጨረሻ ፌርማታ ላይ አውቶቡሱን አቁሜ ሙዝ እየበላሁ ነበር። ትናንት ጠዋት፣ በተቀመጡበት። ቀብሩ ዛሬ ተፈጸመ። ሲያለቅስ አድሮ ድምፁ ተዘግቷል። ከዚያ ግን ታላቅነቱ መጣበት። ለሰብለ ትንፍሽ እንዳትል አለኝ። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ ጋሽ ወርቁ ሰው ሰብስበው ያረዷታል። ጋሽ ወርቁ ፋርስታ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። እዚህ ላለነው ሁሉ አባት እንደማለት ናቸው።

የመልሱን መስመር እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። አንዲት ሴት ፌርማታዬን አሳለፍከኝ ብላ ጮኸችብኝ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳትም።

እኔ እናቴን የቀበርኩት በልጅነቴ ነው። ልጄ የሚለኝ የእናት ድምፅ የእሳቸው ብቻ ነበር። ዛሬ ማልቀስ ያማረኝ ለራሴም ነው፤ ግን የት?

ማታ ሩዝ በላን። ሰብለ ለዳገቱ ስለሚሆን ጫማ አወራችኝ።

እሑድ፣ ሜይ 13

ቤ/ክ ሄድን። ከእሷ በቀር ሁሉም ሰምቷል። ሴቶቹ ከወትሮው አጥብቀው ሳሟት። ዛሬ ምን ነካቸው፣ ፍቅር በፍቅር ሆኑ አለችኝ።

ጋሽ ወርቁና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አንደኛው የትንሣኤው ሃምሳ ቀን ሳይወጣ ለቅሶ መጥራት ደስ አይለኝም አሉ። ሌላኛው፣ ምስኪን ትዝናና፣ ከፈረንሳይ መልስ ይሁን አሉ። ቀጥሎ በሰዓቱ ተከራከሩ። መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው ወጉ። እዚህ ደግሞ በሜይ ጎህ የሚቀደው ገና ሰው ሳይተኛ ነው፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ቱነልባናውም፣ በዚያ ሰዓት አይሄድም። በማን መኪና፣ ማን ከማን ጋር። ሳቄ መጣ። ሳቁ አላልቅ ብሎኝ እንባ ሆነ። ጋሽ ወርቁ መሐረባቸውን ሰጡኝ።

ከሰዓት ሰብለ ለእናቷ ደወለች። መኮንን አነሣ። ጸበል ወርዳለች፣ ስልክ የሌለበት ገዳም ነው አላት። ደስ አላት። ጉልበቷ ይሻላታል አለች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ረቡዕ፣ ሜይ 16

ስማኝ ደብተር፣ እረፍት የነሳኝን ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሶደርተልየ ላለ አንድ ወዳጃችን መርዶ ሄደን ነበር። ክረምት። በረዶ። ወንድሙ ሞቶ። ደረጃውን ሞልተን ቆምን። በፒጃማ ከፈተልን። እኛን እንዳየ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ እዚያው በሩ ላይ ወደቀ። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ሰብለ እጄን ጨብጣ፣ እኔን እንዲህ እንዳታደርጉኝ አለች። እንደ ሌባ ተሰብስባችሁ እንዳትመጡብኝ። አንተው ራስህ፣ ብቻህን፣ ቁጭ አድርገህ ንገረኝ። በማርያም ብዬ ማልሁላት።

ዛሬ ይህን ለመኮንን ነገርኩት። ተቆጣ። እናቴ ናት፣ ወጉን አንተ አታስተምረኝም አለ። ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ብቻህን ነግረሃት ብትወድቅ ማን ይይዛታል?  ልክ ነው። የሚያናድደኝም ልክ መሆኑ ነው።

ጫማው ተገዛ። ለእኔም፣ ቡናማ። ልምምድ ነው ብላ ሊፍት ከልክላኛለች። አምስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ሦስተኛው ላይ ቆሜ ሳለከልክ፣ አይ የተጉለት ሰው አለችኝ። ሳቅሁ። እማማ ከሞቱ ወዲህ መሳቄ አሳፈረኝ።

ዓርብ፣ ሜይ 18

የስልክ ካርድ ገዝታ መጣች። ከአደባባዩ፣ ከሱማሌው ሱቅ። ከፈረንሳይም ይሠራል ወይ ብላ ሦስቴ ነው ያስማለችው። ካርታው ግድግዳ ላይ ወጥቷል፤ ካርዱን በመርፌ እዚያው መንደሯ ላይ ሰካችው። ይሄ አይነካም፣ የእማዬ ነው አለች። ጫፉ ላይ ስደርስ።

እሺ አልኩ። የምታገባ ልጁን እንደሚሸኝ አባት ፈገግ ብዬ ቆምኩ። 

እሑድ፣ ሜይ 20

የዛሬውን መጻፍ ያሳፍራል። ልጻፈው።

ሰብለ ጸበሉ በዛ፣ ሰው ላኩባት እያለች መኮንንን አስጨንቃው ሰነበተች። ዛሬ ስትደውል፣ መጥታለች፣ ጉንፋን ግን ይዟታል አላት። ስልኩን ለእትዬ ዘውዴ ሰጠ። የእማማ ታናሽ እህት ናቸው። የሁለቱ ድምፅ ድሮም አይለይም። ሰብለ፣ እኔም ሰላም እንድል ብላ፣ እንደ ልማዷ ማጉያው ላይ አድርጋዋለች። ሰሃን እያጠብኩ ነበር። አፈር የለበሱት ሴትዮ እያሳሉ፣ እንዴት ነሽ ልጄ ሲሉ ሰማሁ።

 የቧንቧውን ውሃ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ ላለመስማት።

እትዬ ዘውዴ ላይ አልፈርድም። እህታቸውን ቀብረው እህታቸውን ሁኑ ተባሉ። መረቋት። ውለጂ፣ ክበጂ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። የዕለቱ ካርዷ አልቆ ስልኩ እስኪቋረጥ መረቋት።

ሰብለ ስልኩን ይዛ ቆም አለች። ከዚያ፣ ደህና ናት አለችኝ። የማጠቢያ ተራችን ነው ብላ ልብሱን ሰብስባ ምድር ቤት ወዳለው የጋራ ማጠቢያ ክፍል፣ ትቬትስቱጋ፣ ወረደች። ቆየች። ጥቂት ልብስ ነበር እኮ።

እሷ ታች ሳለች ለመኮንን ደወልኩ። ጮህኩበት። ሙት ታናግራለህ ወይ አልኩት! አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ማንም ቻው ሳይል ተዘጋ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 22

ተወሰነ። ቅዳሜ ጠዋት። ጋሽ ወርቁ አሥር ሰው ይዘው ይመጣሉ።

ከበላያችን ለምትኖረው ለጉን አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ አሮጊት ናት፣ እንዳትደነግጥ። ቅዳሜ በጠዋት ለቅሶ ይሰማል፣ የሚስቴ እናት ሞተዋል አልኳት። እጄን ያዘችኝ። መቼ አለች። ነገርኳት።  ሚስትህ ግን እስካሁን አታውቅም? አለች። ወጋችን ነው አልኩ። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። ጉን፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ታዲያ ብቻውን ያለው አንተ ነህ አለችኝ።  

ሰብለ ዝም ብላለች ሰሞኑን። ካርታውን ግን አልተወችም። መንደሯ ሰው የማይበዛባት በስንት ሰዓት እንደሆነ መጽሐፉ ውስጥ ስትፈልግ አመሸች። ፎቶ ልታነሺ ነው? አልኳት። እንዲያው ነው አለች።

ሐሙስ፣ ሜይ 24

ፋርስታ ሄድኩ። ጋሽ ወርቁን፣ እኔው ነኝ የምነግራት አልኳቸው። መሐላ አለብኝ። ከፋቸው። ወግ አፍራሽ ልትለኝ ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቆይተው ስለ ራሳቸው ጀመሩ። የአባታቸውን መርዶ እዚህ ሀገር እንደገቡ ነው የሰሙት። በጠዋት፣ ቤት ሙሉ ሰው። እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ልቤ ትሸሻለች አሉ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም አሉ።

ታረቅን። ቅዳሜ እኔ እነግራታለሁ። እሳቸው ከሰዎቹ ጋር ታች መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ። ስልክ ስመታ ይወጣሉ።

ፈርቻለሁ፣ ደብተር። ለምን እውነቱን አልነግርህም። ቃሉን ከየት አመጣዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 26፣ ከሰዓት

ቤቱ ሰው በሰው ነው። መኝታ ቤት ገብቼ ነው የምጽፈው። ቶሎ ልጻፍ።

ጠዋት ተነሣች። ቁጭ በይ አልኳት። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።  እማማ አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለኝ።

እሷ ቀደመችኝ። «ቀብሯ ላይ ሰው በዛ?» አለችኝ።

ታውቃለች። ከእሑዱ ስልክ ጀምሮ ታውቃለች። ድምፁ አልነበረም አለች። እናቴ ካርድ ሲያልቅብኝ ጠብቃ አታውቅም፤ ቶሎ ዘግታ ታስቀርልኛለች። ያቺ ግን እስከ መጨረሻው መረቀችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ትቬትስቱጋ ወርዳ፣ ማሽኖቹን ሁሉ ባዶአቸውን ከፍታ፣ በነሱ ጩኸት ውስጥ ነው ያለቀሰችው። እኔ ከላይ ስልክ ላይ ስጮህ።

ለምን ዝም አልሺኝ አልኳት። «ምለህልኝ የለ? እስክትነግረኝ ጠበቅኩህ» አለች።

ወደቅሁ ልበልህ? ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። እሷ ናት ያባበለችኝ። ሐዘንተኛዋ እሷ፣ ተባባዩ እኔ።

ጋሽ ወርቁ ሰዎቹን ይዘው ወጡ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ አፍነው አለቀሱ፣ ለጎረቤት ብለው። በሩ ተንኳኳ። ጸጥ። ጉን ናት፤ ልትነጫነጭብን ነው አልን። የጆሮ መስሚያዬን አውጥቼ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ እንደ ልባችሁ አልቅሱ ብላ ተመለሰች። ለሰብለ ልተረጉምላት ስል ስዊድንኛዋ ከኔ እንደሚሻል ትዝ አለኝ። ሰማችው። ግን እንባዋ ይፈሳል እንጂ ድምፅ አይወጣትም። እዚህ አይወጣልኝም አለች። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሁሌም ሰው ይሰማል እያልኩ ስኖር ጉሮሮዬ ለምዶታል አለች።

ከዚያ ሰው ሁሉ ባለበት ተናገረች። ፈረንሳይ አይቀርም። ሴቶቹ ደነገጡ። ጋሽ ወርቁ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሽርሽር? አሉ። ሽርሽር አይደለም አለች። ጥቁር ለብሼ ነው የምሄደው። በማለዳ፣ ሰው ሳይኖር እወጣለሁ፤ ሰዓቱን መጽሐፉ ላይ አይቼዋለሁ። ጫፉ ላይ እንድጠራት ቀጥራኛለች። እዚያ ድምፄን አውጥቼ እጠራታለሁ፣ የሚታየውን እነግራታለሁ። ከዚያ ለሰማንያዋ አ.አ. እገባለሁ።

 ጋሽ ወርቁ፣ በርቺ ልጄ፣ ከፍ ያለ ቦታ ነው አሏት።

ካርዱን ከካርታው ላይ ልነቅለው ሄድኩ። ተወው አለችኝ። ተውኩት።

ለመኮንን ማታ እደውላለሁ። ሁሉንም እነግረዋለሁ። ብትወድቅ ማን ይይዛታል ብሎኝ ነበር። ቡናማውን ጫማ አውጥቼ በሩ ጋ አስቀምጫለሁ። ዳገቱን ከኋላዋ ነው የምወጣው።