ያላወረድኩልሽ ቪዲዮ

ሲን ኤል ፊል፣ ሐምሌ 2012

ውድ ሩሃማ፣

ይህን ወረቀት የምታመጣልሽ እታገኝ ናት፤ ከጸሎት ቤታችን እስር ቤት ገብታ አንቺን እንድትጠይቅ የተፈቀደላት እሷ ብቻ ነች። መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። የፓስፖርት ቁጥርሽ ተገኝቷል፤ ቆንስላው ወደ አገር መግቢያ ወረቀትሽን ጀምሮልሻል። ሁለተኛውን ስነግርሽ ግን እንዳትጠዪኝ። ወይም ጥዪኝ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በዋትሳፕ የላክሽልኝ የፓስፖርትሽ ፎቶ ደብዝዞ ሦስቱ ይሁን ስምንቱ አይለይም። ስልክሽን ስትያዢ ወስደውብሻል፤ ዋናው ፎቶ ያለው ስልኩ በኢንተርኔት በሚያስቀምጥበት ክላውድ ላይ ነው። ክላውዱ ደግሞ የቀድሞ አሠሪሽ የማዳም ሙና! አሮጌ ስልኳን ስትሰጥሽ፣ አካውንቷን አጥፊና የራስሽን ክፈቺ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ? «የእኔን ፎቶ ማን ያየዋል» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ይኸው፣ ከቤቷ ጠፍተሽ ወጥተሽ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶሽ የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነበር።

የይለፍ ቃሉን በእታገኝ ከላክሽልኝ በኋላ ብሞክረው የማረጋገጫ ቁጥሩ ማዳም ስልክ ላይ ገባ። መደወል ግድ ሆነብኝ። ደወልኩላት።

«ሹ? ምን? ያቺ የጠፋችው?» አለችኝ።

ጅዴይዴ ቤቷ እያለሽ በር ቆልፋብሽ የምትወጣዋን ሴት «ሲቩፕሌ ማዳም፣ ሲቩፕሌ» እያልኩ ለመንኳት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አንድ ሰዓት ብቻ እሰጥሻለሁ። ከዚያ የይለፍ ቃሉን እቀይረዋለሁ። ያላ፣ ቶሎ በይ!» ብላ የማረጋገጫ ቁጥሩን አነበበችልኝ።

መብራት ስለጠፋ ዋይፋይ የለም፤ የስልኬ ኢንተርኔት ደግሞ ያቃስታል። ፓስፖርቱ በዋናው ጥራት ለመውረድ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ስከፍተው ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ብቻዬን እልል አልኩ። ቀጥዬ የእናትሽን የእማማ ዓለምነሽን ቪዲዮ ፈለግኩ፤ ያንን ባረፉበት ሳምንት አስቀርጸው የላኩልሽን፣ «አሁን ልቤ አይችልም፣ አገሬ ስገባ አየዋለሁ» ብለሽ አንድም ቀን ያልከፈትሽውን። አንቺ ባትከፍቺውም ስልክሽ ራሱ አስቀምጦታል።

አውርድ የሚለውን ተጫንኩ። ዝም ብዬ ብጠብቅ ይወርድ ነበር፣ ሩሃማ። አላስቻለኝም። እናቴን በልጅነቴ የቀበርኩ ሰው ነኝና የእናት ድምፅ ሰምቼ ልጥገብ ብዬ እዚያው ከፈትኩት። ሲቆም ሲነሳ እስከ መጨረሻው አየሁት። ያቺን ቅንጣት ኢንተርኔት እኔው ጨረስኳት፤ ማውረዱ ሰባ በመቶ ላይ ቆመ። ሰዓቱ አለቀና ከአካውንቱ አስወጣኝ። ማዳም ጋ ከዚያን ቀን ጀምሮ እደውላለሁ፣ አታነሳም።

አጠፋሁ። ምንም ማመካኛ የለኝም። ያንቺን አደራ በገዛ ጉጉቴ በላሁት።

የቀረጻቸው ሰው ጋም አልተረፈም፤ ከሁለታችን እማማን የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። እንዳይጠፋብኝ ወዲያው ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፤ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን ሳይሆን የሚቀርጻቸውን ሰው ነው የሚያዩት። እንዲህ አሉ፦

«ሩሁ፣ ድምፄ ይሰማሻል? ጉንፋን ነው፣ አትስጊ። ሻንጣዬን ሳልሞላ አልመጣም ትያለሽ አሉ። እኔ ሻንጣ አልወለድኩም። ባዶ እጅሽን ነይ።»

ጥፋተኛዋ እህትሽ፣
ሽታዬ