ለአይጥ የተከለከለው፣ ለኮሚቴ የተፈቀደው መራራ ቅጠል

ለተከበሩ የተቋማችን የምርምር ደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው የኮሚቴ አባላትና በስብሰባ ብዛት ወገቡ ለተንቋቋው ወንበርዎ ጽኑ ጤንነት እመኛለሁ።

እኔ ተመርቄ ከመጣሁ ወዲህ ነጭ ጋወኔ ገና ያላደፈ፣ በኮሪደሩ ሲያገኙኝ «ችኩሏ» የሚሉኝ ጀማሪ ተመራማሪ ነኝ። የማጠናው አክስቴ ለደም ግፊቷ ጠዋት ጠዋት እየቀቀለች የምትጠጣውን መራራ ቅጠል ነው። ይጠቅማል ወይ? ከምን ያህል በላይስ ይጎዳል? ጥያቄዬ ይኸው ነው። እናት ሆና ያሳደገችኝ አክስቴ በቅርቡ ብርጭቆውን ትታ በጆግ መጠጣት ጀምራለች። «ለጊዜው ተይው» ብላት «ይጎዳል የሚል ማስረጃሽን አምጪና እተዋለሁ» አለችኝ። የቸኮልኩት ለዚህ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በብልቃጥ ስላደረግሁት የአንቲኦክሲዳንት ሙከራ ለታየው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ የቅጠሉ ጭማቂ ጠብ ሲል፣ ሰውነታችንን እንደ ዝገት የሚበላውን ነገር የመታገል አቅም ካለው ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የእኔው ተለወጠ፤ እኔም ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለማጠቢያ ገንዳው ነገርኩት። ኮሚቴው ግን ቢጫውን ሲያይ ክው አለ። የተከበሩ ምክትልዎም «ብልቃጡን ቢጫ ያደረገ አይጡንስ ላለማድረጉ ዋስትናው ምንድን ነው? የተረከብነው ነጭ አይጥ ነው፤ የምናስረክበውም ነጭ አይጥ ነው» ብለው በጭብጨባ ተደገፉ። አይጦቹን ለማን እንደምናስረክብ እስካሁን ባይገለጽልኝም፣ ለነጭነታቸው የተደረገው ተቆርቋሪነት ልቤን ነክቶታል።

ሁለተኛ፤ «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ ጭማቂ ለአይጥ አይሰጥም» ስለሚለው ውሳኔ አመሰግናለሁ። ደኅንነቱ የሚረጋገጠው በአይጥ መሆኑን ባስረዳ፣ «እሱማ ትክክል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አረጋግጪና ከዚያ ሞክሪ» ተባልኩ። ዋና ሳትችይ ውኃ ውስጥ አትግቢ ስለተባልኩ ይኸው ደረቅ መሬት ላይ እየዋኘሁ እገኛለሁ። አይጦቹ በበኩላቸው በሥራ ፈትነት ከመወፈራቸው የተነሣ መጋቢያቸው «እነዚህስ ጡረታቸው ተከብሮላቸው ቢሸኙ አይሻልም?» እያለ ይጠይቀኛል።

ሦስተኛውን የምጽፈው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው፤ ከአክብሮት ብዛት። ፍሪጅ ውስጥ ያኖርኩት ጭማቂ በየቀኑ ይጎድል ጀመር። መጀመሪያ ይተናል ብዬ በክዳን የታሸገ ነገር በምን የተፈጥሮ ሕግ እንደሚተን ሳሰላ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት በሩን ብከፍት ሕጉ ማንኪያ ይዞ ቆሟል፤ የተከበሩ ምክትልዎ ነበሩ። «ለጉልበቴ ነው፣ ልጄ። የተፈጥሮ ቅጠል ምን ያደርጋል ብለሽ ነው!» አሉኝ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ለፀጉራቸው፣ እርስዎ ደግሞ «ለአጠቃላዩ» እንደሚጎነጩ የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። አንዲት አይጥ ክፉ እንዳይነካት ሦስት የሥራ ኃላፊዎች ራሳቸውን መስጠታቸውን ሳስብ እንባዬ ይመጣል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ከሦስተኛው በኋላ ጠፋኝ።

እንግዲህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። እርስዎና ሁለቱ ባልደረቦችዎ ሌላ ማንኪያ ሳትቀምሱ ጉበታችሁንና ኩላሊታችሁን ተመርመሩ። ከዚያም የአይጦቹን ፈቃድ ፈርሙልኝ። ትናንት አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ የአንድ ቅጠል ልክ መናገር አቃተሽ?» ስትለኝ ጆጓን ከእጇ መቀማት አምሮኝ ነበር። የምቀማበት ማስረጃ አልነበረኝም። ለአይጥ ከተዘነው ኀዘን ጥቂት ቢተርፍ፣ እባካችሁ ወደ እርሷ አሳልፉልኝ።

በኮሚቴው ጥበብ ዘወትር የምትደነቅ፣ በትዕግሥት ሥልጠና ላይ የምትገኝ ታዛዥዎ፣
ችኩሏ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምክትልዎ የጨረሱት ጠርሙስ፣ ጭማቂው መጉዳት የሚጀምርበትን ልክ ለማወቅ እጅግ አወፍሬ ያዘጋጀሁት ነው። ይህንኑ ልነግራቸው ብሮጥ ጸሐፊያቸው «ስለ አይጦች ደኅንነት ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አይረበሹም» ብላ መለሰችኝ፤ ደብዳቤውን በስብሰባ አዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩትም ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ «ለአይጥ ብቻ» የሚል ተጽፎበታል። የጠጡት መነጽራቸውን ረስተው ይሁን ወይስ በደንብ አንብበው፣ ለሐኪሙ እርሳቸው ራሳቸው ቢያስረዱ ይሻላል።