ዘይነባ በማይክሮፎን ተጠራች

ሰኞ፣ ኅዳር 2። ከምሳ በኋላ
ደግሞ ስብሰባ። ማስታወሻዬ፣ ታገሺኝ፤ ዛሬም ሐሜት ነው። ር/መምህራችን ኮምቦልቻ ሆቴል ሠልጥኖ መጣ። የታሸገ ውሃ እየጠጣ «ትራውማ» የምትል ቃል ሸምድዷል፤ የአእምሮ ቁስል ማለት ነው አሉ። ጠመኔ ቢያልቅ ትራውማ። እሱ ቢያረፍድ ትራውማ! በጦርነቱ የተጎዱ ተማሪዎች ሊደገፉ ነው አለን። ከኔ ክፍል ዘይነባን ጠቀሰ።

አባቷ ዓይኗ እያየ ነው የተገደለው። በር በኃይል ሲዘጋ ዴስክ ሥር ትገባለች። በሩ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ሲጨንቅሽ ሳታስፈቅጂ ውጪ አልኳት። ሆቴል አልሠለጠንኩበትም። ዘንድሮ እጇን አውጥታ ጥያቄ መመለስ ጀምራለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4። 4 ሰዓት፣ ዕረፍት
ጉድ ነው። ባንዲራ እንደተሰቀለ ሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን ያዘ። «የትራውማ ተማሪዎች ወደ ፊት!» ስም በስም። ይጨበጨባል። ር/መምህሩ ደብተር እያደለ ፎቶ ይነሳል፤ ክራቫት ሁሉ አስሯል፣ የማይረባ! ዘይነባ ስሟ ሲጠራ ደርቃ ቀረች። ከዚያ በግቢው በር ሮጣ ወጣች። ሰውየው ልጅቷ ሥርዓት ይጎድላታል አለኝ። ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6። ማታ
ትናንትም ዛሬም ቀረች። ሆጤ ሰፈር፣ የምታድርበት አክስቷ ቤት ሄድኩ። አክስቷ በሩ ላይ ቆመው ተቀበሉኝ።
«ወላሂ መምህርት፣ በእርስዎ አልተቀየምኩም። ግን ልጄን እንደ ሌባ ባደባባይ ጠሯት።»
ትምህርቱ ይቅር፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ሄዳ ሥራ ትልመድ ብለዋል። ስምንተኛ ክፍል! ዘይነባ ከጀርባቸው ሆና ደግመው ይጠሩኛል ወይ አለችኝ። አይጠሩሽም አልኩ። በምን ሥልጣን እንደሆነ እንጃ። እስከ ሰኞ ታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 8
ር/መምህሩ ደወለ። ነገ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፣ ልጆቹ እንደገና ይጠራሉ። ዘይነባን አሳምነሽ አምጫት፤ የሷ ፎቶ ጎድሏል አለ። ጎድሏል! አፈርኩለት፤ እሱ እንደሆነ አያፍርም። ስልኩን ዘጋሁበት።

አክስቷ ጋ ደወልኩ። ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ያመጧታል፤ በቀጥታ ወደ ክፍል። እኔ ቀድሜ ሄጄ ማይክሮፎኑ አጠገብ እቆማለሁ። ያባርረኝ ከፈለገ። ስሟን ከጠሩ አቤት የምለው እኔ ነኝ፤ ማይክሮፎኑን ተቀብዬም ለእንግዶቹ፣ ዘይነባ የምትመጣው ለመማር እንጂ ለፎቶ አይደለም እላቸዋለሁ።