ቤቱ ባዶ ነው

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤ እንደማትወድ አውቃለሁ። "ቁም ነገር ያለው ይደውላል፣ ወሬ ያለው ይጽፋል" ትል ነበር። አሁን ብደውልም የምታነሳ አይደለህም፤ ስለዚህ ቻለው። ደግሞም ተናድጄብሃለሁ። አፈር ለብሶ እንኳ የሚያናድደኝ ሰው ቢኖር አንተ ብቻ ነህ።

እሷ ተነስታለች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። በረዶ ለብሳ፣ እሳቷን ሥሯ ደብቃ የምትኖረውን ያቺን ተራራ አንድ ቀን በስሟ ጠርተሃት አታውቅም። "ስትጠራ ትሰማለች" ትለኝ ነበር፤ እኔም "እሷ" እያልኩ አደግሁ። ሬዲዮው ሰሞኑን ስሟን ሲደጋግመው ቆሌዬ ይገፈፋል። ይኸው በሐምሌ፣ ድርቆሹ ገና ሳይሰበሰብ ተነሳች።

ስለ እሷ ብዙ አልነግርህም፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃታለህ። የምጽፍልህ ስለዚያች ብርቱካንማ ሰሌዳ ነው።

"ቤቱ ባዶ ነው" ተብሎ በትልቁ የተጻፈባት የቆርቆሮ ሰሌዳ ለየቤታችን ስትታደል፣ እንዴት እንደሳቅህ አይረሳኝም። ነገሩ እኮ ቀላል ነበር። ማስጠንቀቂያው በስልክ ሲጮህ ምድጃውን ታጠፋለህ፣ በጎቹን ወደ ዳገት ትለቃለህ፣ ሰሌዳዋን በበሩ ምስማር ላይ ሰቅለህ ትሄዳለህ። ከኋላ ቤት ለቤት የምናስስ እኛ፣ ሰሌዳ ያለበትን ቤት እናልፋለን፤ የሌለበትን ገብተን እንፈትሻለን። እሳቱ በረዶውን ከሥር አቅልጦ ጎርፉን ሲለቀው፣ ኩባያ ቡና ጠጥቶ ለመጨረስ የሚሆን ጊዜ እንኳ የለም። አንዱ ቤት የምትሰቀል ሰሌዳ የሌላው ቤት ነፍስ ናት። ይህን ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ።

አንተ ግን ኩሽና ወስደህ የደረቀ ዓሣ መደብደቢያ አደረግሃት! በመዶሻህ ፊቷን ሰረጓጉደህ፣ "መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅም ዕቃ ሰጠኝ" እያልክ ለእንግዳ ሁሉ ታሳይ ነበር።

በየዓመቱ ለጎርፉ የምንለማመድበት ቀንማ አይወራ። ሰሌዳዋን በር ላይ ትሰቅልና ተመልሰህ ቤት ትገባለህ። እኔና ኮልበይን በመኪና ግቢህ ስንደርስ የኩሽናው መጋረጃ ገለጥ ይላል፤ አንተ ኩባያህን ይዘህ ትስቅብናለህ። ኮልበይንን ታውቀዋለህ፣ አፉ አያርፍም፤ ስምህን ጠርቶ "ዘንድሮም ኦግሙንዱር አሸነፈን" ብሎ እሱም ይስቃል። የሚያርረው የእኔ አንጀት ነው።

"ለምን ትዋሻለህ?" ስልህ፣

"እኔ መች ዋሸሁ? የዋሸችው ሰሌዳዋ ናት።"

"የእውነቱ ቀን ቢመጣስ፣ አባዬ?"

"የምሄድ ቀን ከልቤ እሰቅላታለሁ። እኔ ደግሞ የትም አልሄድም።"

ባለፈው መስከረም ግን አበዛኸው። ሰሌዳዋ ተሰቅላለች፣ መጋረጃው ዝም ብሏል። ውስጥ እንዳለህ ስለማውቅ ገባሁ። ፎቅ ወጣሁ፣ ምድር ቤት ወረድኩ፣ በረት ድረስ ሄጄ ስምህን እየጠራሁ ዞርኩ። ኮልበይን ከውጭ ጥሩምባውን ይነፋል። ለካ አንተ ጓዳ ውስጥ፣ ከድንች ጆንያው ኋላ ተቀምጠህ ዓሣ ታኝካለህ።

"የእውነቱ ቀን ቢሆን አሁን ጎረቤትህ ቶርላኩር ሞቷል" አልኩህ። "እኔ አንተን ስፈልግ፣ ሜልሁስ ቤት ዳሌው የተሰበረ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ እኔንና ኮልበይንን ሲጠብቅ ሞተ። ሲጉርቬይግ ባሏን ብቻዋን ተሸክማ ታውጣው? እሷም አብራው ሞታለች። እንኳን ደስ አለህ።"

ማኘክህን አቆምክ።

"ከእንግዲህ ሰሌዳህን አላምናትም። በተሰቀለች ቁጥር ገብቼ እፈልግሃለሁ፤ ጎርፉ ቢመጣም እፈልግሃለሁ።"

አኩርፈን ሰነበትን፤ ከዚያ አንድ ቀን የተጨሰ የበግ እግር ላክህልኝና ታረቅን። የሰሌዳዋን ነገር ግን አንተም አላነሳህ፣ እኔም አላነሳሁ።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ።

ወንዙ ከማለዳው ጀምሮ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ። ውኃው ጠቆረ። ከአሸዋው ላይ ጩኸታቸው የማይቋረጠው ወፎች ጭጭ አሉ፤ አንድም አልቀረ፣ የት እንደሄዱ አላየንም። መሬቱ አልተንቀጠቀጠም፣ እንደ ድመት ነው ያንኮራፋው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ውኃ ማንም ሳይነካው በብርጭቆው ውስጥ ፊቱ ይርገበገብ ነበር። ከዚያ በሸለቆው ያለ ስልክ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ። እኩለ ቀን ሳይሆን አመዱ ደረሰና ሰማዩን ደፈነው። በሐምሌ፣ እዚህ ሰሜን ሌሊቱ እንኳ በማይጨልምበት ወር፣ በቀን የመኪና መብራት አብርተን ሄድን።

እስከ አንተ ቤት ያሉት ሁሉም ሰሌዳቸውን ሰቅለው ወጥተዋል። የቀረን የአንተ ቤትና ከድልድዩ በፊት ያለው ሜልሁስ ነበር። የአንተን መፈተሽ ግድ ነው፤ ያኔ ድንኳናቸውን ነፋስ የወሰደባቸው መንገደኞች ሳይጠይቁህ በረትህ ውስጥ አድረው አልነበር? ባዶ ቤት ደግሞ ሰሌዳ የሚሰቅልለት የለውም። ሐኪም ቤት ከገባህ ወዲህ ግቢህን ረግጬው አላውቅም። አልቻልኩም፣ በቃ። ቁልፉ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

"እኔ ልግባ፣ አንቺ መኪና ውስጥ ቆዪ" አለኝ ኮልበይን።

"የአባቴ ቤት ነው። እኔ እገባለሁ።"

ግቢህ ገባን። መብራቱ በሩ ላይ አረፈ። ሰሌዳዋ ተሰቅላለች።

አባዬ፣ ያቺው የአንተዋ! ስርጉዷ ሁሉ ይታየኛል። እኔ መጨረሻ ያየኋት ኩሽናህ ጠረጴዛ ላይ፣ መዶሻህ ሥር ነበር። ነፋሱ ከበሩ ጋር ያጋጫታል፤ ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ድምፁ ግን ከውጭ የሚመጣ አልመሰለኝም። ውስጥ የተቆለፈበት ሰው የሚያንኳኳ ነበር የሚመስለው።

"ማን ሰቀላት?" አለ ኮልበይን። ድምፁ ተለውጧል።

ያን ጊዜ የኩሽናው መጋረጃ ገለጥ አለ።

"አየኸው?"

"ምኑን?"

"መጋረጃውን! እሱ ነው። ውስጥ አለ!"

"መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሃልቤራ። ነፋስ ነው።"

እውነቱን ነው፤ "ቤት መተንፈስ አለበት፣ የኩሽናውን መስኮት እንዳትዘጊ" ያልከኝ አንተው ነህ። አውቃለሁ። ግን የመኪናውን በር ከፍቼ አንድ እግሬን አውርጄ ነበር። አመዱ ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል።

ኮልበይን ክንዴን ያዘኝ። ያ ቀልደኛ ሰውዬ ፊቱ አመድ መስሎ፣ "ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። አብረን ነው የቀበርነው" አለኝ።

አውቃለሁ እኮ! አፈሩን የበተንኩት በዚህ እጄ ነው። ግን ስንት ዓመት ያስተማርከኝ ይህንኑ አይደል? ሰሌዳዋ ከተሰቀለች አባቴ ውስጥ አለ። ጭንቅላቴ መቃብርህን ያውቃል፤ እግሬ ግን ጓዳህን ነው የሚያውቀው። "አባዬ!" ብዬ ተጣራሁ። ማንኳኳቱ ቆመ። ነፋሱ ለአፍታ ጋብ ብሎ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አንተ ስትሰማኝ ትንፋሽህን ውጠህ እንደምትደበቀው ነበር ዝም ያለው።

እዚያው እግሬን እንዳንጠለጠልኩ ፊትህ መጣብኝ። የሚስቀው ፊትህ አይደለም፤ ማኘክህን ስታቆም ያየሁት ነው። ሲጉርቬይግን አሰብኳት፣ ከአልጋው አጠገብ ቆማ የመኪናችንን ድምፅ ስትጠብቅ። እግሬን ሰበሰብኩና በሩን ዘጋሁ።

"ሰሌዳው ተሰቅሏል" አልኩት። "ንዳ።"

ዞሬ ሳይ መጋረጃው ቀስ ብሎ ቦታው ተመለሰ።

ቶርላኩርን ልብሱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ አገኘነው። "ኧረ ዘገያችሁ! ሬሳ የሚያወጡ እንኳ ከእናንተ ይፈጥናሉ" አለን። በቃሬዛ ጫንነው። ድልድዩን ተሻግረን ማዶ ጉብታ ላይ ወጥተን ከመኪናው አውርደን ገና ብርድ ልብስ ስናለብሰው ድምፁ መጣ። ድልድዩ ሲሄድ በአመዱ ውስጥ አላየነውም፤ ብረቱ ሲቃትት ብቻ ሰማነው። ከዚያ ከታች ቀዝቃዛ ነፋስ ሽቅብ መታን፤ በረዶ በረዶ፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። ኮልበይን "እዚያ ቤት ገብተን ፎቅ ምድር ቤት ብንል ኖሮ…" ብሎ ጀመረና ተወው። ሲጉርቬይግ ብርድ ልብሱን እስከ ባሏ አገጭ ሳበችው።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሾርባ ሲሰጡን ነው የጠየቅኋት። "የአባዬን ሰሌዳ ማን እንደሰቀላት ታውቂያለሽ?"

"አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለች። "ሰሞኑን በትራክተር ሳልፍ አይቻት፣ ሃልቤራ ሰቅላ ይሆናል፣ ደግ አደረገች ብዬ አለፍኩ።"

"እኔ ሐኪም ቤት ከገባ ወዲህ ሄጄ አላውቅም።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ያ ሽማግሌ!" አለች። "ከፋሲካ በፊት ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ አይደለሁ? ከግቢው ስንወጣ 'አቁሚ፣ የማወልቀውን ጥርሴን ረሳሁ' አለኝ። 'ትንፋሽ የለህ፣ እኔ ላምጣልህ' ብለው 'የሰው ጥርስ ሰው አይነካም' ብሎ እያሳለ ተመለሰ። ቆየብኝ። ሲመጣ እየሳቀ ነው። መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ፤ አቁሚ ሲለኝም እኮ ጥርሱ አፉ ውስጥ ነበር።"

እዚያ ሁሉ ሰው መሃል አለቀስኩ። ሾርባው ቀዘቀዘ።

በጎችህን ሜልሁስ በረት አስገብተህ፣ ለእኔ ያልከኝ "ሳል ናት፣ በጎቹ ሳይወልዱ እመለሳለሁ" ነበር። እኔም አመንኩህ! ሐኪም ቤት በመጣሁ ቁጥር ደግሞ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

"በቤቱ በኩል አለፍሽ?"

"አለፍኩ።" ከዋናው መንገድ ጣሪያህ ይታየኛል፤ በሩን ግን ጉብታው ይጋርደዋል።

"እንደተውኩት ነው?"

"እንደተውከው ነው፣ አባዬ።"

"እንግዲያ ገብቶሻል" አልከኝና እጄን ጠበቅ አደረግህ። መድኃኒቱ ነው የሚያናግርህ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ደህና እንቅልፍም የተኛኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሰሌዳዋን ከልብህ ሰቅለህ እንደሄድክ የነገርከኝ መስሎህ አረፍክ። እኔ ደግሞ የሰማሁህ አሁን ነው፣ ሰው ልታድንልኝ ከወዲያ ማዶ በር ካንኳኳህ በኋላ።

ትናንት እንድንገባ ፈቀዱልን። በረትህ የለም። ቤትህ ቆሟል፤ ደለሉ እስከ ደረጃው ደርሶ ተመልሷል። ሰሌዳዋ እዚያው ናት። የክረምቱ ነፋስ እንዳይወስዳት በድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ድርብ አድርገህ ቋጥረሃታል፤ ያ ከአንተ በቀር ማንም የማይፈታው ቋጠሮህ። በዚያ ሳል እንዴት ቆመህ እንደቋጠርከው እግዜር ይወቅ።

"ላውርዳት?" አለኝ ኮልበይን።

"ተዋት።"

እሱን ውጭ አቁሜ ገባሁ። አትሳቅብኝ፣ ምን ላድርግ፣ ጓዳውን ፈተሽኩ። የድንች ጆንያውን ጎትቼ ከኋላው አየሁ። ማንም የለም። ትንሽ ቆምኩ፤ እንደገናም አየሁ።

ሰሌዳዋ እውነቷን ነው፣ አባዬ። መስኮቱን እንደተከፈተ ትቼው ወጥቻለሁ።

አንድ ጊዜ ያመነችህ ልጅህ፣
ሃልቤራ