በሚጥሚጣ የተረፈው መኖሪያ ፈቃዴ

ኑሪ፣ አንተ የካዛንቺስ ጭንቀታም!

"አዲስ አበባ ሥራ ብለህ ብዙ ከቆየህ የካናዳ መኖሪያ ፈቃድህን ይነጥቁሃል" እያልክ እንቅልፍ ነስተኸኝ ነበር። አልነጠቁኝም፣ ተንፍስ!

ቶሮንቶ ኤርፖርት ሰልፉ እንደ መስቀል አደባባይ የታክሲ ሰልፍ አይደለም፤ የሚጋፋህ የለም፣ ይደብራል። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ "የት ነው የምትኖረው?" ሲለኝ አፌ ቀደመኝና "ካዛንቺስ!" አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። "ማለቴ፣ ሊፍት እንድጠግን የላከኝ የናንተው አገር ኩባንያ ነው" ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ለእነሱ ኩባንያ ውጭ ከሠራህ እዚህ እንደኖርክ ይቆጠርልሃል፤ ግን ማን ይመስክርልኝ? እዚሁ ቶሮንቶ ያለው አለቃዬ ጋ ደወለ። አለቃዬ በስፒከር ምን አለ መሰለህ?

"አዲስ አበባ ልጎበኘው ስመጣ ክትፎ ቤት ወስዶ በጉርሻ ሙሉ ሚጥሚጣ ያቃጠለኝ ልጅ ነው? አዎ፣ የኛው ነው! እኛ ነን የላክነው።"

ሰውዬው ሳቁ አመለጠው፣ "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ አሳለፈኝ።

ሚጥሚጣውን ያጎረስኩት ቀን "ይሄ ቀልድህ ከሥራ ያስባርርሃል" ያልከኝ ማን ነበር?

በቃ ፖስትካርዱ ሞላ። እናትህን እማማ ሪሐናን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ እህትህን ሳምራንም ናፍቀሽኛል በላት። አለቃዬ በቅርቡ እንደገና ካዛንቺስ ይመጣል፤ የማጉረሱ ተራ ያንተ ነው።

ኤልዳድ