ቦይ ውስጥ ተዘርግተው ለተገኙት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የአየር ንብረት ለውጥ ግንዛቤ ማስጨበጫ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ድምፅዎስ፣ ከዚያ ሁሉ ንግግር በኋላ ተመለሰልዎ? እኛ ትንሽ ረጥበን ነው እንጂ ደህና ነን። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ስለተውኩት ፊደል ብስት የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው ብለው ይለፉኝ።

፩. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰፈራችንን ሰብስበው «ከግንዛቤ ወደ ተግባር» የሚል፣ እርስዎ ሁለት እጅዎን ዘርግተው የቆሙበት ትልቅ የፕላስቲክ ባነር ስለሰቀሉልን ምስጋናችን የላቀ ነው። እናቴ ተነሥታ ቦዩ ይጠረግልን ስትልዎ፣ መጀመሪያ ግንዛቤሽ ይዳብር እናቴ ብለው በትሕትና ስላስቀመጧትም እንዲሁ።

፪. ባነሩን የሚያወርድ ሰው ስላልተመደበ ነፋስ በነፃ አወረደልዎ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ቦዩ የሚጠብበት ቦታ ላይ እንደ በር ግጥም ብሎ ተወተፈና በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጎርፉ ወደ እኛ ዞረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እናቴን ግን አላሳቃትም። የስፌት መኪናዋ ጭቃ ጠጣ፤ ለተማሪዎች የሰፋችው ዩኒፎርም ከነቁልፉ ጭቃ ለበሰ፤ የልጆቹ እናቶችም ልጃችንን ለትምህርት ነው ወይስ ለግንበኝነት ያለበስሽው እያሉ ትእዛዛቸውን ነጠቋት።

፫. አቤት ልንል ስንመጣ ጸሐፊዎ፣ አለቃዬ ሥልጠና ላይ ናቸው አለችን። ሥልጠናው ስለ ጎርፍ መከላከል ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እርስዎ ግን የማንንም ሳያማስሉ ጭሱን ብቻ በማይክራፎን አስተዋወቁልን።

፬. ስንመለስ ታዲያ በርዎ ላይ ዓይኔ ዐረፈ። ከእኛ ቁልቁል ወርዶ በዚያ ያልፍ የነበረውን ያንኑ ቦይ፣ መኪናዎ ሲገባ እንዳይንገጫገጭ በሲሚንቶ አስደፍነውታል። ለካ ፎቶዎ እጁን ዘርግቶ ይጠብቅ የነበረው እርስዎን ኖሯል። ለእርስዎ የተላከውን ውሃ በወኪልነት ስንጠጣ የከረምነው እኛ ነን።

እኔም ግንዛቤዬ ዳበረ። ዛሬ ጠዋት ከሰፈራችን ጎማ ጠጋኝ ጋር ባነሩን ጎትተን አወጣን፤ ቦዩንም እስከ አጥርዎ ድረስ ጥርግ አደረግነው። ከአጥሩ ወዲያ የእርስዎ ሥልጣን ነውና አልደፈርንም። ሲሚንቶውን መስበር ካሰኘዎ ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን ያውስዎታል፤ ቢፈጥኑ ግን መልካም ነው። ይህን ስጽፍ ከዳገቱ በላይ ሰማዩ ጠቁሯል፤ እናቴም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የስፌት መኪናዋን አልጋ ላይ ሳትሰቅል፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ደመናውን በናፍቆት ታየዋለች።

ወደ ተግባር መግባትዎን ከዳገቱ አናት ሆኖ በጉጉት የሚመለከት፣
እጅግ ታዛዥዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ባነርዎን አጥበነዋል። የሰፈሩ የጋራ መጸዳጃ ቤት በር ስላልነበረው እዚያ ሰቅለነዋል። የሕዝቡን ችግር በቅርብ ይመለከቱ ዘንድ ፊትዎን ወደ ውስጥ አድርገነዋል።