የሻሽን ሞት በትዕግሥት ለጠበቁ የውሾች እድር ሊቀመንበር

የካቲት 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደ ሐዋርያት ዘነበ
የፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይኛው ሰፈር የውሾች መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ከፋሲካ በኋላ ለሚዳረው ልጅዎ፣ እንዲሁም ለሠርጉ ለሚቀልቧቸው ሁለት ሙክቶች ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የሙክቶቹ ጤንነት እስከ ዛሬ እንዴት እንደቆየ ከእርስዎ ይልቅ እኔ ስለማውቀው፣ ምኞቴ ከልብ መሆኑን አይጠራጠሩ። ይህ ደብዳቤ በእጅ ጽሕፈት በመቅረቡ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት ያገለገለች ሴት ለሊቀመንበር በስክሪብቶ መጻፏ እንደማያምርባት አላጣሁትም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። በእድሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም እርስዎን ለማሳጣት አስቤ ሳይሆን፣ በግል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ሳያገኙ ስለቀሩና ምናልባት በዚህ ሲያልፉ ዓይንዎ ያርፍበት ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

ሰሌዳውን ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ ነገሩ ግር እንዳይለው ከመነሻው ላስረዳ። ሻሽ የእኔ ውሻ ናት። ሰውነቷ ጥቁር፣ ራሷ ብቻ ነጭ፣ ሻሽ ያሰረች የምትመስል፣ በአማርኛ “ነይ” ስላትም በኦሮምኛ “ኮቱ” ስላትም እኩል የምትመጣ ናት። ባለቤቴ በዳዳ ካረፈ ወዲህ ግቢዬ ውስጥ ስገባ የሚቀበለኝ፣ ስወጣ የሚከፋው ከእሷ በቀር የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሆዷን ታማብኝ ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ ስመላለስ የወር ጡረታዬ አብዛኛው እዚያው ቀረ። እኔም እንደ ሠለጠነ ሰው ኢንሹራንስ ላስገባት ብዬ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ኩባንያ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሳምራ የምትባል ትሑት ልጅ፣ “ማዘር፣ ለመኪና አለን፣ ለቤት አለን፣ ለሕይወትም አለን፤ የሰው ሕይወት ማለቴ ነው” አለችኝ። ለከብት እንዳላቸው ብጠይቃት፣ ከሃያ ላም በላይ ላለው ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ባዶ እጄን እንዳልመለስ አዝናልኝ መሰለኝ፣ ሻሽ መኪና ውስጥ ሆና መኪናው ቢጋጭ፣ ለመኪናው እንደሚከፍሉ አስረዳችኝ። መኪና ስለሌለኝ አመስግኜ ወጣሁ።

በዚያው ክረምት ጅቡ ከእንጦጦ እየወረደ የሰፈሩን በግ ሲለቅም፣ ውሻ ያለን ሠላሳ አራት አባወራዎችና እማወራዎች በግቢዎ ተሰብስበን በወር አሥር አሥር ብር ለማዋጣት ተስማማን። ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ውሻው የታመመበት ሰው በእድሩ ገንዘብ ያሳክማል። እርስዎ የሰዎቹ እድርም ሊቀመንበር ስለነበሩ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጡ፤ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ ሲባልም የሰዎቹን እድር ደንብ ከኮትዎ ኪስ አውጥተው፣ “የተፈተነ ደንብ እያለ ምን አደከመን? ሰው የሚለውን ውሻ እያልሽ ገልብጪው፣ ዲንቄ” ብለው ሰጡኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ ማመን አለብኝ። ደንቡን የተየብኩት እኔ ነኝ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰው የሚለውን ሁሉ ውሻ አድርጌ፣ አንድ የፊደል ግድፈት ሳይኖርበት አስረከብኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጽሑፍ ስገለብጥ ኖሬ፣ የምተይበውን ማንበብ ሥራዬ ሆኖ አያውቅም። ሠላሳ አራቱም አባላት ሳያነቡ ፈረሙ፤ እርስዎም ሳያነቡ ማኅተም መቱበት። ስለዚህ ዛሬ በአንቀጽ 9 መሠረት የአባል ውሻ አማት ብትሞት ግማሽ ክፍያ ይሰጣል። በአንቀጽ 12 መሠረት በቀብር ላይ ያልተገኘ ውሻ አምስት ብር ይቀጣል፤ ሐቀኛው ገንዘብ ያዣችን አቶ ወልደ ኢየሱስም አምና በአንድ ጎረቤት ውሻ ቀብር ላይ የራሳቸውን ውሻ ይዘው ባለመገኘታቸው አምስት ብር ከኪሳቸው አውጥተው ደረሰኝ ቆርጠውበታል። አንቀጽ 7 ደግሞ እድሩ የሚከፍለው አባሉ መሞቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው ይላል። ሰውን ለመቅበር የወጣ ደንብ ስለ ሕክምና ምን ብሎ ይናገር?

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ብዛቱ እንዳያሰለችዎ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

1ኛ፦ በጥምቀት ማግሥት ጎህ ሲቀድ ጅቡ ወደ ግቢዎ በገባ ጊዜ በርዎን ከውስጥ ቆልፈው ስለመቀመጥዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ ቢወጡ ኖሮ አንድ ሰው ሊጎዳ ይችል ነበር። ሻሽ የእኔንና የእርስዎን ግቢ በሚለየው አጥራችን ሥር ባለው ቀዳዳ ሾልካ ወጥታ ጅቡን ከሙክቶቹ በረት አጠገብ ያዘችው። እኔ ነጠላዬን ሳልለብስ፣ ቆርቆሮ እየደበደብኩ ስደርስ ጅቡ ሄዷል፣ ሙክቶቹ በሕይወት አሉ፣ ሻሽ ግን የፊት እግሯ ተሰብሮ ጎኗ ተቦጭቋል። እርስዎም በመስኮት ሆነው፣ “ጎበዝ ናት!” ብለዋል። ይህን ያህል የተባለላት ውሻ በሰፈሩ የለችም።

2ኛ፦ የታክሲውንም ነገር ለአቀራረብ እንዲመቸኝ ከዚሁ ጋር ላያይዘው። ፒክ አፕዎ ቆሞ ሳለ ወንበሩ በደም እንዳይበላሽ መስጋትዎን ስለተረዳሁ፣ ሻሽን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ሾላ በታክሲ ወሰድኳት። ረዳቱ ሕፃን መስላው ነበር። ጆሮዋ ብቅ ሲል፣ “እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የሁለት ሰው ትከፍያለሽ!” አለኝ፤ ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ወርደው በመሄዳቸው የእነሱንም ጨመርኩለት። ሾላ ያለው የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ጀይላን፣ አገላብጦ አያትና አጥንቱ ብረት ካልገባበት እግሩ እንደሚበሰብስ፣ ከዚያም እሷም እንደማትተርፍ፣ ለዚህም ያለን ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ዋጋው ሺህ ስምንት መቶ ብር ነበር። ጡረታዬን ያውቁታል፣ የአራት ወር ገቢዬ ነው።

3ኛ፦ አስቸኳይ ስብሰባ በሦስተኛው ቀን ስለመጥራትዎ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ መነጽርዎን አድርገው አንቀጽ 7ን ሁለት ጊዜ አነበቡልን፤ ደንቡ ከወጣ ወዲህ ሲነበብ የሰማሁት ያኔ ነበር። ከዚያም ፊትዎን ወደ እኔ መልሰው፣ “ዲንቄዬ፣ ብትሞት እኮ ምንም ችግር የለም፤ ዛሬውኑ ሺህ አምስት መቶ ብርሽን እንሰጥሽ ነበር። በሕይወት ያለችን ውሻ ግን ደንቡ አያውቃትም” አሉኝ። ሠላሳ አራት ቤት ለሁለት ዓመት ያዋጣው ገንዘብ በሳጥን ተቆልፎ አቶ ወልደ ኢየሱስ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ነበር። ደንቡ ይሻሻል ብዬ እጄን ሳወጣ፣ ማሻሻያ የሚቀርበው በዓመታዊ ጉባኤ ብቻ መሆኑን ገለጹልኝ። ጉባኤው ሻሽ ከቀራት ጊዜ በአምስት ሳምንት ይዘገይ ነበር። በመልካም አስተዳደር ሥልጠና ላይ የተሰጠዎት የምስክር ወረቀት በሳሎንዎ ግድግዳ ላይ ለምን እንደተሰቀለ ያን ቀን ገባኝ።

4ኛ፦ ይህኛው ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል። በስብሰባው ማግሥት የእድሩን ድንኳን፣ ስድስት አግዳሚ ወንበሮችና አንድ ትልቅ ጀበና የሚያህል የሻይ ማፍያ በጋሪ ጭነው ደጄ ላይ አስወረዱልኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ “ለማንኛውም ቅርብ ይሁን ብለዋል” አለኝ ባለጋሪው። ውሻ ለሞተበት ሰው ከዚህ የቀደመ እድር ከየካ እስከ ካራ ቢፈለግ አይገኝም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ውዴ ድንኳኑን ከሩቅ አይታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ገባች። የምታለቅሰው ለእኔ ነበር። ድስት ሳጥብ ስታገኘኝ በጣም ደነገጠች፤ ምሳዋን እሳት ላይ ጥላ በመምጣቷም ትንሽ ተቆጣች። ሻሽ ደግሞ በዚያች ሰዓት አጠገቤ በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተኝታ እርጥብ እጄን እየላሰች ነበር፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፣ አልቅሼም አላውቅም።

ድንኳኑን በተላከበት ጋሪ መልሼ ላኩ። በዚያው ጋሪ ላይ፣ ከድንኳኑ አጠገብ፣ የጽሕፈት መኪናዬን ጫንኩ።

ያቺን መኪና ያውቋታል። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ በጨረታ ሲያስወግዳት የገዛኋት፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየተየብኩ ለጨውና ለበርበሬ የሚሆነኝን የማገኝባት፣ የእርስዎንም ደንብ የገለበጥኩባት መኪና ናት። ሾላ ገበያ አንድ ነጋዴ ለሱቁ ጌጥ እንድትሆነው በሺህ አንድ መቶ ብር ገዛት። ዶክተር ጀይላን የቀረውን በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ብር እንድከፍለው ተስማማ፤ የተማረ ልጅ ነው፣ ደንብ ግን የለውም። በስድስተኛው ቀን ብረቱ ገባላት። ሻሽ ተርፋለች። አራተኛ እግሯን እስካሁን መሬት አታስነካውም፤ ወደፊትም ታስነካው እንደሆነ ሐኪሙ እርግጠኛ አይደለም። ይህን ደብዳቤ በስክሪብቶ የጻፍኩበት ምክንያት ይኸው ነው።

ገንዘብ እንዲመለስልኝ አልጠይቅም፤ ሻሽ ባለመሞቷ ክፍያ እንደማይገባኝ ተረድቻለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው። የፊታችን እሑድ በሚደረገው ዓመታዊ ጉባኤ፣ በአንቀጽ 7 ላይ “መሞቱ” የሚለው ተሰርዞ “መታመሙ” ተብሎ ይጻፍ። የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ የማርመውም እኔ ልሁን። መኪና ባይኖረኝም ስክሪብቶ አለኝ፣ አሁን ደግሞ አንብቤ ነው የምጽፈው። ከሻሽ ቀጥሎ የሚታመም ውሻ ባለቤት የሚሸጠው የጽሕፈት መኪና ላይኖረው ይችላል።

ለሙክቶችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ቢያንስ እስከ ሠርጉ፣ በመመኘት፣ ለሚሰጡኝ መልስም፣ ባይሰጡኝም ለሚሰጡኝ ዝምታ፣ በቅድሚያ እጅ እየነሳሁ፣

በመዋጮ ውዝፍ የሌለባት፣ በደንቡ ግን የማትታወቅ ውሻ ባለቤት፣
ዲንቄ ገረሱ
(ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለአቶ ወልደ ኢየሱስ፣ ከሳጥኑ ጋር እንዲቀመጥ
ለዶክተር ጀይላን፣ ከየካቲት ወር ሃምሳ ብር ጋር
ለሻሽ፣ ተነብቦላታል

ማሳሰቢያ፦ በአጥራችን ሥር ያለውን ቀዳዳ ባለፈው ቅዳሜ በድንጋይና በጭቃ ደፍኜዋለሁ። እንግዲህ ጅቡ ተመልሶ ቢመጣ አይጨነቁ፤ ሙክቶቹ መሞታቸው እንደተረጋገጠ በጽሑፍ ያሳውቁኝ፣ ድንኳን ይዤ እደርሳለሁ። ያስቸገረችኝ ሻሽ ብቻ ናት። ከትናንት ጀምሮ በሦስት እግሯ ከድንጋዩ ጎን ወደ እርስዎ ግቢ ሌላ ቀዳዳ እየቆፈረች ነው። ብከለክላት እምቢ አለችኝ፤ እባክዎ መነጽርዎን ይዘው ይምጡና አንቀጽ 7ን ያንብቡላት።